ጉዳዩ፦ ደስታን ስለማመልከት

ሃያ ሁለት ዓመት ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣
በአንድ ጃንጥላ ጥላ፣ በአንዲት አንካሳ ጠረጴዛ፣ ስጽፍ የሰው ነገር፤
የተበደለ ሁሉ ከጎኔ በርጩማ ይዞ ሲያወራኝ ሲውል፣
የእሱን የዓመት እንባ በአንድ ገጽ ጠቅልዬ "እኔ አመልካች" ስል።

ትናንት የእህቴ ልጅ ረድኤት በባጃጅ መጣች፣
ሞተሩን ሳታስጠፋ አንገቷን ብቅ አርጋ አዘዘች፦
"ጋሼ፣ ቅዳሜ ብርጭቆ አንሥተህ አንተ ነህ የምትናገር፤
አደራ እንዳይረዝም። አደራ ደግሞ እንደ ክስ እንዳይመር።"

ማታ፣ መብራት ሁለቴ ሄዶ ሁለቴ ሲመጣ፣
ነጭ ወረቀት ይዤ ቁጭ አልኩ፣ ጣፋጭ ቃል ላወጣ።
እጄ ግን ልማዱ ነውና ሳላዘው ጀመረ፦

ለተከበራችሁ የሰርግ ታዳሚዎች፣
ሐዋሳ።
አመልካች፦ አጎት።
ተጠሪ፦ ሙሽሮች።
ጉዳዩ፦

ሰረዝኩት።

ምን ላድርግ? ቃሎቼ በክስ ነው ያደጉ።
"በሰላም ስንኖር ሳለን" ብሎ የሚጀምር ጽሑፍ፣
"ሳለን" ላይ ደረሰ ማለት ደርሷል ከገደል አፋፍ።
"ፍቅር"ንም ጽፌያለሁ፣ አልዋሽም፣ ብዙ ጊዜ፤
ያኔም ግን "የለንም" ነበረች የቃሉ ሚዜ።

ሲነጋጋ ወጣሁ ወደ አሞራ ገደል።
አባ ኮዳዎቹ ተራ ይዘዋል፣ የዓሣ አንጀት እስኪጣል፤
ራሳቸው መላጣ፣ ትከሻቸው ላይ ጥቁር ካባ፣
ልክ እንደ ደንበኞቼ፣ ስም እስኪጠራ፣ ችሎት እስኪገባ።

ያኔ ትዝ አለኝ።

የዛሬ ዘጠኝ ዓመት፣ አንድ ዓሣ አጥማጅና ሚስቱ
(ስማቸው እኔ ዘንድ ይቅር) ሊፋቱ መጡ በጠዋቱ።
"ንብረት ቁጠሩ" አልኳቸው። "አንድ ጀልባ፣ ሦስት መረብ፣
አንድ አልጋ፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ ድምፁ የሚጠፋ ሲዘንብ።"
"መረቡን ማን ሰፋው?" "ክሩንስ ማን ገዛ?" ሲሉ ሲካሰሱ፣
ፀሐይ ዞራ ኖሮ፣ የጃንጥላዬ ጥላ ሸሽቶ ነበር ከእሱ።
እሷ ስድቧን ሳታቋርጥ ነጠላዋን ዘረጋች፣
ግንባሩ ላይ የወደቀችውን ፀሐይ ጋረደች።
እሱ አላመሰገነ። እሷም ያደረገችውን አላወቀች።
እኔ ብቻ አየሁ።
ብዕሬ "ስለዚህ" ላይ ቆመች።

"ምሳ በልተን እንመጣለን" ብለው ተነሡ ሁለቱም፤
ይኸው ዘጠኝ ዓመት ሆነ፣ ከምሳ አልተመለሱም።
የገጽ ሒሳቤንም አልከፈሉኝ።
ዛሬም ከውኃው ዳር አገኘኋቸው፤ እሷ ቆሮሶ ስትገፍ፣
እሱ መረብ ሲያራግፍ፣
በዚያው በመረቡ ሲነታረኩ።
ዕዳቸውን ልቤ ውስጥ ቀደድኩ።

ስለዚህ ረድኤት፣ አንተም ምንተስኖት፣
ዳቦ ልታቦካ የምትነሣው በዘጠኝ ሰዓት ሌሊት፣
ቅዳሜ የምላችሁ ይህችው ናት፦

"አትጣሉ" አልልም። ጠብ ሃያ ሁለት ዓመት አብልቶኛል፤
ያበላን ማማት ነውር ነው፣ ዝም ብለው ይሻለኛል።
ስትጣሉ ግን ቀና በሉና ፀሐይ ወዴት እንደዞረች እዩ፤
መጀመሪያ ጋርዱ፤ ከዚያ ጥላው ሥር ሆናችሁ እንደልብ በሐሳብ ተለያዩ።

የዳኝነት ጥያቄ፦ ይህ ጋብቻ እንዲጸና፣
ወጪና ኪሳራው በአጎት እንዲሸፈን፣
ረድኤትና ምንተስኖት ወደ ጠረጴዛዬ
ሰላም ለማለት ካልሆነ በቀር እንዳይመጡ እንዲታዘዝልኝ።

ከላይ የተገለጸው ሁሉ እውነት መሆኑን
ብርጭቆዬን በማንሣት አረጋግጣለሁ።

ማስረጃ፦ የሰው ምስክር፣ ሁለት።
ከኋላ፣ ከድንኳኑ ምሰሶ አጠገብ ተቀምጠዋል።
እንዳትጠሯቸው፤
ምሳቸውን ገና አልጨረሱም።